ከአሰብ ወደ ጅቡቲ፣ ከባድመ ወደ አልጀርስ

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ለኤርትራ ነጻነት የተዋጋው ሻዕቢያ አስመራን ተቆጣጠረ፤ በአራተኛው ቀን፣ ግንቦት 20፣ የኢሕአዴግ ሠራዊት አዲስ አበባ ገባ። ደርግን በየግንባራቸው የወጉት ሁለቱ ኃይሎች የኤርትራ ጉዳይ በሕዝበ ውሳኔ እንዲቋጭ ተስማምተው ነበር። በሚያዝያ 1985 ድምፅ ከሰጡት መካከል 99.8 በመቶ ያህሉ ነጻነትን መረጡ፤ በወሩ ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር፣ ኢትዮጵያም ወደብ አልባ ሆነች።

ይህን ያህል ግዙፍ ለውጥ የተመራው ከውልና ከሕግ ይልቅ በመሪዎች መተማመን ነበር። የአሰብ ወደብን አገልግሎት የሚመለከት ስምምነት ቢፈረምም፣ ድንበሩ በመሬት ላይ አልተካለለም፤ በሁለቱም አገር ቤት ንብረት ያፈሩ ቤተሰቦች ዜግነት ተድበስብሶ ታለፈ። ለኋለኛው ጥፋት በር የከፈተው ይህ ቸልተኝነት ነው።

መተማመኑ በይፋ መሸርሸር የጀመረው በገንዘብ ነው። ኤርትራ ከነጻነት በኋላም ለአራት ዓመታት ያህል በብር ስትገበያይ ቆይታ፣ በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ናቅፋን አወጣች፤ ናቅፋና ብር በእኩል ዋጋ በሁለቱም አገር እንዲዘዋወሩም ጠየቀች። አዲስ አበባ አልተቀበለችም። የብር ኖቶቿን ቀየረች፤ ከ2 ሺህ ብር ከማይበልጥ የጠረፍ ንግድ በቀር ሌላው ግብይት በባንክ በኩል፣ በሌተር ኦፍ ክሬዲትና በውጭ ምንዛሪ እንዲሆን አደረገች። ጤፍና ቡና ከኢትዮጵያ ስትሸምት ለኖረችው አስመራ ይህ ከባድ ምት ነበር።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 28 ባልተካለለው ድንበር ላይ፣ በባድመ አካባቢ በተነሣ ተኩስ ኤርትራውያን ወታደሮች ሞቱ፤ ግንቦት 4 የኤርትራ ጦር በታንክ ታጅቦ ባድመንና ዙሪያዋን ያዘ። ግንቦት 28 የጦር አውሮፕላኖች አስመራንና መቀሌን ደበደቡ። መቀሌ ላይ ቦምብ የወደቀው አይደር ትምህርት ቤት ነው፤ ሕፃናትና እነሱን ለማንሳት የሮጡ ነዋሪዎች አብረው አለቁ።

ጦርነቱ የኢትዮጵያን የውስጥ ፖለቲካ ወዲያውኑ ለወጠው። ብሔርን የፖለቲካው መሠረት ያደረገው መንግሥት የአንድነት ጥሪ አሰማ፤ በ1983 የተበተነው የቀድሞ ጦር መኮንኖችና አብራሪዎች ተመልሰው ተጠሩ። ለዘመቻው የተመመው ወጣት ከየክልሉ የተውጣጣ ነበር። በሌላ ወገን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ ተባረሩ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም ኤርትራን ለቀው ወጡ። ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ የተለያዩበት ይህ ማፈናቀል ከጦር ሜዳው እልቂት ያነሰ ትኩረት ማግኘቱ ያሳዝናል።

ባድመ በየካቲት 1991 በኢትዮጵያ ጦር እጅ ተመለሰች። ግንቦት 1992 በተከፈተው ታላቅ ማጥቃት የኢትዮጵያ ሠራዊት ባረንቱ ድረስ ዘለቀ፤ በሰኔ ተኩስ ቆመ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። እስከዚያ ድረስ የሁለቱ ወገን ሟቾች በአስር ሺዎች ይቆጠሩ ነበር።

ከፊርማው በኋላ እሳቱ ወደየቤቱ ዞረ። በመጋቢት 1993 የኢሕአዴግ አውራ ድርጅት ህወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የጦርነቱ አያያዝና የስምምነቱ ይዘት ከልዩነቱ ምክንያቶች አንዱ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አሸንፈው ሲወጡ፣ እነ ስዬ አብርሃና ተወልደ ወልደማርያም ከድርጅቱ ተገለሉ። በመስከረም 1994 ደግሞ የኤርትራው ፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ ለውጥ የጠየቁ 11 ነባር ባለሥልጣናትን አሰሩ፤ የግል ጋዜጦችንም ዘጉ። በ1995 ኢትዮጵያ ያወጣችው የውጭ ጉዳይና የብሔራዊ ደኅንነት ፖሊሲ ዋናው አደጋ ከውጭ ጠላት ይልቅ የውስጥ ድህነትና የዲሞክራሲ እጦት ነው የሚል አቋም ያዘ።

በአልጀርሱ ስምምነት መሠረት ሄግ የተሰየመው የድንበር ኮሚሽን ይግባኝ የማይባልበትን ውሳኔ የሰጠው ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ነው። ባድመ ለኤርትራ ተወሰነች። የኢትዮጵያ መንግሥት መጀመሪያ ድሉ የኛ ነው ብሎ ለሕዝብ አበሰረ፤ እውነቱ ሲገለጥ ሐዘኑም ቁጣውም በረታ። መንግሥት ውሳኔውን በኅዳር 1997 “በመርህ ደረጃ” ቢቀበልም ከባድመ አልወጣም። በሌላ በኩል በዚያው ስምምነት የተቋቋመው የይገባኛል ኮሚሽን በታኅሣሥ 1998 ኤርትራ ኃይል በመጠቀም ዓለም አቀፍ ሕግ ጥሳለች ሲል በየነ። የድንበር ኮሚሽኑ ምልክት መትከል ስላልቻለ፣ በ2000 ዓ.ም. ወሰኑን በካርታ ነጥቦች ብቻ አስቀምጦ ተበተነ።

ሰላምም ጦርነትም ያልሆነው ፍጥጫ ወደ ሶማሊያ ተሻገረ። በታኅሣሥ 1999 የኢትዮጵያ ጦር የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረትን ወግቶ ሞቃዲሾ ደረሰ፤ እስከ ጥር 2001 ቆይቶ ወጣ። የሶማሊያ ታጣቂዎችን ትረዳለች የተባለችው ኤርትራ በታኅሣሥ 2002 የጸጥታው ምክር ቤት ማዕቀብ ተጣለባት። አሰብ የተዘጋባት ኢትዮጵያ ደግሞ ገቢና ወጪ ንግዷን ከሞላ ጎደል በጅቡቲ ላይ ጣለች፤ በ2009 የተመረቀው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መስመር ይህንኑ ጥገኝነት አጸና።

ግንቦት 28 ቀን 2010፣ አይደር በተደበደበ በሃያኛው ዓመት ዕለት፣ ኢሕአዴግ የአልጀርስን ስምምነት ሙሉ በሙሉ እንደሚቀበል አስታወቀ። ይህም በኢትዮጵያ ለዓመታት የዘለቀ ተቃውሞ የአመራር ለውጥ ካመጣ በኋላ የተደረገ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሐምሌ 1 አስመራ ገቡ። መስከረም 1 ቀን 2011 በዛላምበሳና በቡሬ ድንበሩ ሲከፈት የተነፋፈቁ ዘመዶች እየተላቀሱ ተቃቀፉ፤ መተላለፊያዎቹ ግን በወራት ውስጥ አንድ በአንድ ተዘጉ። በጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ሲፈነዳ የኤርትራ ሠራዊት ከፌዴራሉ መንግሥት ጎን ተሰልፎ ገባ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ግጭት የማቆም ስምምነት በፌዴራል መንግሥቱና በህወሓት መካከል ብቻ የተደረገ ነበር፤ ኤርትራ አልፈረመችበትም።