ቅቤ የተቀባው ሀለቃ

አባቴ ከዶርዜ ወደ አርባ ምንጭ የወረደ ሸማኔ ነው። ለመስቀል ወደ ጨንቻ በኩል ስንወጣ የልጅ ዓይኔ የሚያርፈው ገበያውን በዝግታ በሚዞሩት አዲስ ሀለቃዎች ላይ ነበር፤ አናታቸው ላይ ለጋ ቅቤ ተቆልሎ፣ የሰጎን ላባ ተሰክቶ። ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ ግንባራቸው ላይ ሲወርድ አይጠርጉትም ነበር።

ሀለቃነት፣ ማለትም የአገር ሹመት፣ እንደ ካዎ፣ እንደ ንጉሡ፣ በዘር አይወረስም። ሀለቃ የሚመረጠው በዱቡሻ፣ ወንዶች በሚሰበሰቡበት ሜዳ ነው። እዚያ እጅ አይቆጠርም፤ አንዱ ተነስቶ ይናገራል፣ ሌላው ይከተላል፣ ሐሳቡ አንድ እስኪሆን ድረስ። (ሴቶች ከዚያ መቅረታቸው ዛሬም ያንገበግበኛል።) በአሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሸር፣ ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን የሚሹ የአንድ ፓርቲ ተፎካካሪዎች «እኔን ምረጡ» እያሉ ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ግን ሰው የሚታጨው በሌሎች አፍ ነው። የታጨውም ብዙ ጊዜ ያመነታል፤ ድግሱ ከባድ ነዋ! ጎተራውን አራቁቶ አገር ማብላት አለበት።

ሽማግሌ ከዱቡሻ ውጭም ይሰማል። መስከረም 2011 በአዲስ አበባ አጠገብ፣ በቡራዩ፣ ጋሞዎች የመገደላቸው ወሬ አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ።