ደም በሳንባ በኩል ያልፋል፦ ኢብኑ ነፊስ ያረሙት የሺህ ዓመት ስህተት



አያቶቻችንን ሐኪም ቤት ስንወስድ የልብስ መቆንጠጫ የሚመስል ትንሽ መሣሪያ ጣታቸው ላይ ይደረጋል። ጥቂት ቆይቶ 95 ወይም 90 የሚል ቁጥር ያሳያል። ደማቸው መሸከም ከሚችለው ኦክስጅን በመቶ ስንቱን እንደያዘ መናገሩ ነው። ቁጥሩ ሲወርድ ሐኪሙ ቀድሞ የሚጠረጥረው ሳንባንና ልብን ነው። ለምን ሁለቱን? ደም ከአየር ጋር የሚገናኘው በሁለቱ መካከል ባለው መንገድ ላይ ስለሆነ ነው። ይህን መንገድ በትክክል የገለጸው እስካሁን የሚታወቀው የመጀመሪያ ጽሑፍ ደግሞ በዐረብኛ የተጻፈ ነው።

ጸሐፊው ዐላኡዲን ኢብኑ ነፊስ (ረሒመሁላህ) ናቸው። ሕክምናን በደማስቆው ኑሪ ቢማሪስታን፣ ማለትም ሆስፒታል፣ ተምረው ኋላ ወደ ካይሮ ተሻገሩ። የሻፊዒይ መዝሀብ ፊቅህም ያስተምሩ ነበር።

በዘመናቸው የሐኪሞች ሁሉ መመሪያ የኢብኑ ሲና «አል-ቃኑን» ነበር። በልብ ጉዳይ ግን ኪታቡ በአብዛኛው የሚከተለው የጥንቱን ግሪካዊ ሐኪም ጋሌንን ነው። ጋሌን ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ፣ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ነው ብሎ ነበር። ቀዳዳዎቹን ያየ የለም። ሆኖም ለሺህ ዓመት ተማሪ ከመምህሩ እየተቀበለ ቀጠለ።

ኢብኑ ነፊስ እ.ኤ.አ. በ1242 የቃኑንን የአካል ክፍሎች ትምህርት ሲያብራሩ እዚህ ቦታ ላይ ቆሙ። ያኔ ዕድሜያቸው ሠላሳ ገደማ ነው! ግድግዳው ድፍን ነው፤ የሚታይም የማይታይም ቀዳዳ የለውም አሉ። ደሙ ከቀኙ ክፍል ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ እዚያ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያ ወደ ግራው ክፍል ይመለሳል። በሳንባ ውስጥ ደሙን በሚያመጣውና በሚመልሰው ደም ሥር መካከል ጥቃቅን መተላለፊያዎች እንዳሉም ጻፉ። ጣሊያናዊው ማልፒጊ እነዚህን ቀጫጭን ደም ሥሮች በአጉሊ መነጽር ያየው በ1661 ነው።

እኛን የሚገርመን ድፍረታቸው ብቻ አይደለም። ኢብኑ ሲናን ያከብሩ ነበር፤ የኪታባቸው ትልቅ አብራሪ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ማክበር ግን ስህተትን ከመናገር አላገዳቸውም።

እዚህ ላይ ወንድምና እህቶቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። «ኢብኑ ነፊስ ኦክስጅንን አገኙ»፣ «የደም ዝውውርን በሙሉ አገኙ» የሚሉ ጽሑፎችን አታጋሩ። ኦክስጅን የታወቀው በ1770ዎቹ ነው። ደም መላ አካልን ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ ያስረዳው እንግሊዛዊው ሃርቬይ ነው፣ በ1628። አውሮፓውያኑ ሰርቬቱስና ኮሎምቦ በ1553 እና በ1559 የሳንባውን መንገድ ጽፈዋል። ከኢብኑ ነፊስ ወስደው ይሁን በራሳቸው ደርሰውበት የታሪክ ምሁራን አልተስማሙም፤ «ሰረቁን» ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ በእጃችን የለም። የእሳቸው ድርሻ ያለ ጭማሪም ትልቅ ነው።

ኢብኑ ነፊስ በ687 ሂጅሪ (እ.ኤ.አ. 1288) ካይሮ ውስጥ ሲያርፉ ቤታቸውንና ኪታቦቻቸውን ለመንሱሪ ሆስፒታል ወቅፍ አድርገው ነበር። የልቡ ማብራሪያ ግን ለዘመናት ተረሳ። በ1924 ሙህዪዲን አጥ-ጠጣዊ የተባለ ግብጻዊ ሐኪም፣ ጀርመን ፍራይቡርግ ሲማር፣ የእጅ ጽሑፉን በርሊን ቤተ መጻሕፍት አግኝቶ የመመረቂያ ጥናቱን ሠራበት። መምህራኑ ማመን ከበዳቸው። ካይሮ ይኖር ለነበረው የዐረብ ሕክምና ታሪክ አዋቂ ለማክስ ማየርሆፍ ላኩለት፤ እሱም አንብቦ እውነት ነው አላቸው።