ስሙ ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ



ለቅሶ ቤት የዋልን ሁሉ እንደምናውቀው የሟች ፎቶግራፍ ከግድግዳ ወርዶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዱ ይስመዋል፣ አንዷ ከፍ አድርጋ ይዛ ታለቅስበታለች። አርባው ወጥቶ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ግን ያ ፎቶግራፍም ሆነ በካርቶን ታጭቀው የኖሩት ሌሎቹ የት እንደሚገቡ የሚጠይቅ ብዙም የለም። ልጆች ቤት ሲቀይሩ፣ ዕቃ ሲከፋፈል፣ ቁራሌው በደጅ ሲያልፍ አብረው ይወጣሉ። ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሌሎች አገሮች እንዲህ ተጥለው የተገኙ ፎቶግራፎች ስለ ሰው የዕለት ኑሮ ምን እንደ ነገሩ፣ ምንስ ሳይነግሩ እንደ ቀሩ በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት አንድ ልማድ አለ። ቀን ተቆርጦለት የየሰፈሩ ሰው የማይፈልገውን አሮጌ ዕቃ ከደጁ ያወጣና የከተማው መኪና ያነሣዋል። በ1980ዎቹ ሚክሎሽ ታማሺና አኮሽ ሴፔሺ የተባሉ ሁለት ወጣት ተማሪዎች ከዚህ ክምርና ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሰው የጣላቸውን ፎቶግራፎች መልቀም ጀመሩ። በ2010 ከሰበሰቡት ውስጥ 5,000 ያህሉን ፎርቴፓን ብለው በሰየሙት መዝገብ ላይ አድርገው በኢንተርኔት ማንም ሰው በነፃ እንዲያየው ከፈቱት። ስሙ ቀድሞ በዚያው አገር ይሠራ ከነበረ የፎቶ ፊልም የተወሰደ ነው። ዛሬ መዝገቡ ከ100,000 ፎቶግራፍ በላይ ይዟል። በባላተን ሐይቅ የሚዋኙ ቤተሰቦች፣ ከመኪናቸው አጠገብ የቆሙ ባልና ሚስት፣ በ1956ቱ ዓመፅ የፈራረሱ ቤቶች ይታዩበታል። የት እንደ ተነሣ ያልታወቀ ፎቶግራፍ ሲኖር ተመልካቾች የሱቁን ጽሑፍ፣ የትራሙን ቁጥር፣ የመኪናውን ታርጋ እየመረመሩ መንገዱንና ዓመቱን ያገኙለታል። መንገዱ ይገኛል፣ ዓመቱም ይገኛል፤ የሰውየው ስም ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በቻይና ደግሞ ፎቶግራፎቹን ከጥፋት አፋፍ ያደረሳቸው ብር የተባለው ማዕድን ነው። በፎቶ ፊልም ላይ ትንሽ ብር ስላለ፣ በቤይጂንግ ዳርቻ ውዳቂ ዕቃ የሚነግዱ ሰዎች አሮጌ ኔጋቲቭ እየገዙ ብሩን አውጥተው ይሸጡ ነበር። ቶማ ሶቫን የተባለ ፈረንሳዊ ከ2009 ጀምሮ ይህንኑ ኔጋቲቭ በኪሎ እየገዛ አዳነው። የሰበሰበው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሲሆን አብዛኛው ከ1985 እስከ 2005 ባለው ጊዜ የተነሣ ነው። ሙሽራዋ ለሠርግ እንግዶች እየዞረች ሲጋራ ስትለኩስ ይታያል፤ በዚያን ጊዜ እዚያ አገር እንግዳ ማክበሪያ ነበር። ደግሞ በብዛት የሚታየው ምን መሰላችሁ? ለብሳ አጊጣ ከማቀዝቀዣ ጎን የቆመች ሴት፣ ከአዲሱ ቴሌቪዥን አጠገብ የተቀመጠ አባወራ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ብናስብ መልካም ነው። ሰው ካሜራ ፊት የሚያቆመው በየቀኑ የሚያደርገውን ሳይሆን አዲስ ያገኘውን ወይም የሚመኘውን ነው። በእኛም አገር ቢሆን በቆየ አልበም ውስጥ ክርስትና፣ ሠርግ፣ ምረቃ እንጂ ምጣድ ላይ ሊጥ የምታዞር እናት ወይም ወረፋ ይዛ ውሃ የምትቀዳ ልጅ በስንት ፍለጋ ነው የምትገኘው። የዕለቱ ኑሮ የሚገባው ሳይታሰብ በጎን በኩል ነው፤ በበር ጥግ የተቀመጠ ጀሪካን፣ በገመድ የተሰጣ ልብስ፣ ከኋላ የሚታይ የጭቃ ግድግዳ። ስለዚህ ፎቶግራፉ ብቻውን እውነቱን ግማሽ ያህል ይናገራል፤ የቀረውን የሚናገረው የሚያውቀው ሰው ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆኑን የማሊው ተወላጅ ሰይዱ ኬይታ ናቸው። በ1948 በባማኮ ከተማ የፎቶ ቤት ከፍተው የከተማውን ሰው በብዛት አነሡ። ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ ኮትና ክራቫት ከቤቱ ነበር፤ ደንበኛው የፈለገውን ይዞ ወይም ለብሶ ይነሣል። በ1991 ሥራዎቻቸው በኒውዮርክ በአንድ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ ሲታዩ አንሺያቸው ያልታወቀ ተብለው ቀረቡ። ኬይታ ግን በዚያን ጊዜ ባማኮ ውስጥ በሕይወት ነበሩ! ተፈልገው ከተገኙ በኋላ በ1994 በፓሪስ በስማቸው ኤግዚቢሽን ተከፈተላቸው። ከኋላ የሚሰቅሉትን ጨርቅ በየጥቂት ዓመቱ ይለውጡ ስለ ነበር፣ የትኛው ፎቶግራፍ በየትኛው ጊዜ እንደ ተነሣ ጨርቁን እያዩ ተናገሩ። የመጀመሪያው ጨርቅ የገዛ አልጋቸው ልብስ ነበር። ኬይታ በ2001 ዐረፉ። በሕይወት ባይደረስባቸው ኖሮ ይህን ማን ይነግረን ነበር?

የአሜሪካዊቷ የቪቪያን ማየር ነገር ግን በተቃራኒው ነው የሆነው። በ1926 በኒውዮርክ ተወልደው ዕድሜያቸውን በአብዛኛው በቺካጎ የሰው ልጅ በማሳደግ ሥራ ያሳለፉ ሴት ናቸው። በትርፍ ጊዜያቸው መንገድ ለመንገድ እየዞሩ ከ100,000 በላይ ፎቶግራፍ አነሡ፤ ለሰው ያሳዩት ግን እጅግ ጥቂት ነው። ዕቃቸውን ያስቀመጡበት መጋዘን ኪራይ ባለመከፈሉ በ2007 ዕቃው በጨረታ ተሸጠ። ከገዙት አንዱ ጆን ማሉፍ በ2009 ስማቸውን ከአንድ ፖስታ ላይ አግኝቶ ቢፈልግ፣ ያገኘው ከጥቂት ቀናት በፊት የወጣውን የሞታቸውን ማስታወቂያ ነው። ዛሬ ፎቶግራፎቹ በመላው ዓለም ይታያሉ። እሳቸውን ግን ይህች ሴት ማን ናት፣ ያ ሕፃን የማን ልጅ ነው ብሎ ለመጠየቅ አልተቻለም፤ ያለፈው ጊዜ ቀናት ብቻ ነበር።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ በአገራችን ፎቶግራፍ ቤተ መንግሥት ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከአርመን ወገን የሆኑት ቦያጂያኖች ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምረው በየትውልዱ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። የነገሥታቱና የመኳንንቱ ምስል ከነስሙ በመጻሕፍት ታትሞ ይገኛል። የተራው ሰው ፎቶግራፍ ግን ያለው በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ነው። ቪንቴጅ አዲስ አበባ በሚል ስም የከተማው ነዋሪዎች የቤተሰብ ፎቶግራፎች ከየቤቱ ተለቅመው በ2018 በመጽሐፍ መውጣታቸው ሳጥኖቹ ምን ያህል እንደ ያዙ አሳይቷል።

የእኛ ሰው ደግሞ ከጀርባው ላይ መጻፍ ያውቅበታል። ማስታወሻ ይሁንልኝ፣ ከእኔው ከእህትህ፣ የሚል ያልተጻፈበት የድሮ ፎቶግራፍ ጥቂት ነው። ችግሩ እኅትየዋ ስሟን አለመጻፏ ነው። በዚያን ጊዜ ተቀባዩ ያውቃታል፤ ዛሬ የልጅ ልጁ አያውቃትም።

ስለዚህ የሚከተለውን ለአባሎቻችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ቤት ውስጥ በዕድሜ የገፉ አባት ወይም እናት ካሉ ሳጥኑን ዛሬ አውርዳችሁ አብራችሁ ተመልከቱ። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱን ሰው ስም ከነአባቱ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በተራ፣ ቦታውንና ዓመቱን በግምትም ቢሆን ጻፉ፤ ማን እንደ ነገራችሁም ጨምሩ። ሦስተኛ፣ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ይወጋዋል፣ ቀለሙም ወደ ፊት ያልፋል። ለስለስ ባለ እርሳስ፣ ከታች ንጹሕ ወረቀት አንጥፎ ሳይጫኑ መጻፍ ነው። ጀርባው እንደ ላስቲክ ለስላሳ ሆኖ እርሳስ አልይዝ ካለ በወረቀት ጽፋችሁ አብሮ በፖስታ ማስቀመጥ ይበቃል። አራተኛ፣ ገጹ በሙጫ የሚይዝ አልበም ፎቶግራፍ ያበላሻል፤ እርጥበት ካለው ግድግዳና ከፀሐይም አርቁት። ኔጋቲቭ ካለ አትጣሉ። በስልክ ያነሣችሁትም ቢሆን ስም ካልተጻፈለት ዕጣው ያው ነው።

እድር የቆመው ማንም ሰው ያለ ቀባሪ፣ ያለ ስም እንዳይሄድ ነው። ጸሐፊያችን መዝገብ ላይ ስም የሚጽፈው፣ ጡሩምባ ነፊያችን ጎሕ ሲቀድ እገሌ ዐረፈ ብሎ የሚያሰማው ለዚሁ ነው። ሰውየውን በስሙ ከቀበርነው በኋላ ምስሉን ስም አልባ አድርገን ለቁራሌው መስጠት ግን ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን አንድ የቆየ ፎቶግራፍ ይዘን እንምጣ። ምናልባት እኛ ቤት የማትታወቀውን ሴት ጎረቤታችን ያውቃት ይሆናል።