ማርሽ አልገባ ያለ ያገለገለ ሳይክል? መጀመሪያ ካቦውን እዩት

ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ማርሽ አልቀይር ሲል ብዙ ሰው "ማርሹ ሞቷል" ብሎ ሙሉ ዕቃ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ካቦው ጋ ነው። ሰንሰለቱ ወደ ትልቁ ጥርስ እየወጣ፣ ወደ ትንሹ ሲወርድ የሚያመነታ ከሆነ ካቦው ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ይዞታል ማለት ነው። ስለዚህ ሽፋኑም አብሮ ይቀየር።

ሱቅ ስትሄዱ ተጠንቀቁ። የማርሽ ካቦ ውፍረቱ 1.2 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የፍሬኑ 1.5 ወይም 1.6 ነው። ዋናው ነገር ግን ሽፋኑ ነው፦ የፍሬኑ ውስጡ እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዘ ሽቦ፣ የማርሹ ደግሞ ቀጥ ብለው የተደረደሩ ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት። የማርሹን ለፍሬን ካስገባችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ስትይዙ ሊፈነዳ ይችላል፤ ያውም ቁልቁለት ላይ! ሻጩ "ያው ነው" ቢል አትስሙት።

ሥራው ቀላል ነው። ሰንሰለቱን ወደ ትንሹ የኋላ ጥርስ አውርዱ፤ ካቦው ይላላል። ከኋላ የያዘውን ብሎን ፍቱ፣ የተፈተለውን ጫፍ ቁረጡ፣ አሮጌውን መሪው ላይ ባለው መቀየሪያ በኩል ግፋችሁ አውጡ። አዲሱን ሽፋን በአሮጌው ልክ ቁረጡት፤ ሲቆረጥ የሚጨፈለቀውን አፍ በወፍራም መርፌ ክፈቱት። ይቺን የሚዘላት ብዙ ነው፣ ከዚያ "አዲስ ካቦም አልሠራም" ይላል። ካቦውን በእጅ ወጥራችሁ ብሎኑን አጥብቁ።

አዲስ ካቦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይላላል። ወደ ትልቁ ጥርስ መውጣት ካስቸገረው፣ ካቦው ወደ ኋላው ማርሽ የሚገባበት ላይ ያለችውን መወጠሪያ ወደ ግራ ግማሽ ዙር አዙሯት።