ከመቅረጸ ድምፅ እስከ ማጫወቻ፦ የኪስ ሙዚቃ መሣሪያ የስያሜ ታሪክ

አንድ ዕቃ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር ስሙን ይዞ ይጓዛል። ይሁንና የዕቃና የስም ዕድሜ ሁልጊዜ እኩል አይደለም፤ ዕቃው ጠፍቶ ስሙ የሚቀርበት ጊዜ አለ፣ ዕቃው ሳይጠፋ ስሙ የሚያረጅበትም ጊዜ አለ። በኪስ ተይዞ ሙዚቃ የሚያሰማው ትንሽ መሣሪያ ከ40 ዓመታት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ያለፈባቸው ስያሜዎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የመሣሪያውን ታሪክ ከስሞቹ ታሪክ ጋር አጣምረን እንመለከታለን። ዓላማችንም የትኛው ዓይነት ስያሜ እንደሚጸና፣ የትኛውስ እንደሚከስም ለይቶ ማሳየት ነው።

የታሪኩ መነሻ ጃፓን ነው። የሶኒ ኩባንያ «ፕሬስማን» የተባለ ለጋዜጠኞች ሥራ የሚያገለግል ትንሽ መቅረጸ ድምፅ ነበረው። ከዚህ መሣሪያ ላይ የመቅረጫው ክፍል ተነሥቶ፣ በምትኩ የስቴሪዮ ድምፅ የሚያሰማ ክፍል ገባበትና እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1979 «ዎክማን» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። እንግዲህ የመጀመሪያው ዎክማን መቅረጽ የማይችል፣ ማሰማት ብቻ የሚችል መሣሪያ ነበር ማለት ነው። ስሙም በየአገሩ አንድ አልነበረም፤ በአሜሪካ «ሳውንድአባውት»፣ በብሪታንያ «ስቶዋዌይ»፣ በስዊድን ደግሞ «ፍሪስታይል» ይባል ነበር። ኩባንያው በኋላ «ዎክማን» የሚለውን ለሁሉም አገር አንድ ስም ቢያደርገውም፣ ስዊድናውያን ማንኛውንም የኪስ ቴፕ «ፍሪስታይል» ሲሉ ኖረዋል።

«ዎክማን» ራሱም ብዙ ሳይቆይ ከተጸውዖ ስምነት ወደ ወል ስምነት ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1986 በኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የኦስትሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቃሉ የወል ስም ሆኗል ሲል ወሰነ። ፍርዱ ከተመለከታቸው ነጥቦች አንዱ፣ አንድ የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት «ዎክማን»ን እንደ ማንኛውም የወል ስም ሲፈታው ኩባንያው እንዲታረም አለመጠየቁ ነበር። የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ ሕዝቡ የሚናገረውን መዘገበ እንጂ ፍርድ አልሰጠም። ሆኖም በመዝገቡ ያሰፈራት አንዲት ፍቺ በሕግ ፊት ማስረጃ ሆናለች። ፍቺ መጻፍ ኃላፊነት ያለበት ሥራ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ፈረንሳውያን የተከተሉት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 «ዎክማን»ን እንዲተካ በመንግሥት ደረጃ «ባላደር» የሚል ስያሜ አወጡ። ቃሉ «መንሸራሸር» የሚል ትርጉም ካለው ግሥ የተገኘ በመሆኑ የሠሪውን ስም አይናገርም፤ በውስጡ ስለሚገባው ካሴትም አይናገርም። ስለዚህም ካሴቱ ሲቀር ስያሜው አልወደቀም፤ «ዲጂታል» የሚል ቅጽል ተጨምሮለት የአዲሱ መሣሪያ ስም ለመሆን በቃ።

አዲሱ መሣሪያ የመጣው ከጀርመን አገር ምርምር ነው። በኤርላንገን ከተማ የሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ሙዚቃን የመጭመቂያ ስልት አዘጋጁ። ስልቱ ሲዲ በሰከንድ 1.4 ሚሊዮን ቢት ያህል የሚፈጅበትን ሙዚቃ፣ ጆሮ የማይለየውን የድምፅ ክፍል እየተወ፣ ወደ 128 ሺህ ቢት ሊያወርደው ይችላል፤ ይህም ከአሥራ አንድ አንድ እጅ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 1995 ተመራማሪዎቹ ለፋይሎቹ ስም የሚሆን ቅጥያ ሲመርጡ «ኤም ፒ 3» በሚለው ተስማሙ። ቅጥያው የአንድ ዓለም አቀፍ የጠበብት ቡድን ስም አሕጽሮት ሲሆን፣ «ኤም ፒ» የሚሉት ፊደላት የቆሙት ለተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። ስለ ሙዚቃ አንዳች የማይናገር ቅጥያ ራሱን ችሎ የሙዚቃ መሣሪያ ስም ሆነ፤ በእኛም አገር ወጣቱ መሣሪያውን «ኤም ፒ ስሪ» ብሎታል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የደቡብ ኮርያው ሴሃን ኩባንያ «ኤም ፒ ማን» የተባለውን፣ የአሜሪካው ዳያመንድ መልቲሚድያም «ሪዮ» የተባለውን መሣሪያ አወጡ። ሪዮ 32 ሜጋባይት ማኅደር የነበረው ሲሆን የሚይዘውም የግማሽ ሰዓት ያህል ሙዚቃ ነበር። የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ወዲያው ክስ መሠረተ። የክርክሩ ፍሬ ነገር የስያሜ ጥያቄ ነበር፦ ሪዮ በ1992ቱ ሕግ «ዲጂታል የድምፅ መቅረጫ መሣሪያ» በተባለው ፍቺ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም? ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 አይገባም ሲል ፈረደ፤ ምክንያቱም ሪዮ ሙዚቃውን የሚያገኘው ከኮምፒዩተር እንጂ በቀጥታ ከሙዚቃ ቅጂ አልነበረም። ፍርዱ ለመሣሪያው መንገድ ከፈተ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2001 አፕል 5 ጊጋባይት የሚይዘውን «አይፖድ» ይፋ አደረገ፤ በ2005 ደግሞ 42 ግራም ብቻ የሚመዝነው «አይፖድ ናኖ» ተከተለ።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል፣ በፌብሩዋሪ 2004፣ ቤን ሐመርስሊ የተባለ ጸሐፊ በእንግሊዙ ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ በኢንተርኔት ለሚሰራጭ የድምፅ ዝግጅት ስም ሲፈልግ፣ ከጠቆማቸው አማራጮች አንዱ «ፖድካስቲንግ» ነበር። «ፖድ» ከአይፖድ፣ «ካስት» ስርጭት ከሚል ቃል የተወሰዱ ናቸው። በዚያው ዓመት በካናዳ የኬቤክ ቋንቋ መሥሪያ ቤት ከቀድሞው «ባላደር» ተነሥቶ «ባላዶዲፊዩዝዮን» የሚል ስያሜ አቀረበ፤ ተናጋሪውም አሳጥሮ «ባላዶ» አለው። አፕል ናኖን በ2017፣ የመጨረሻውን አይፖድ ደግሞ በ2022 መሥራት አቆመ። «ፖድካስት» ግን አለ፤ አማርኛም ተቀብሎታል። ቃሉን በየዕለቱ ከሚጠቀሙት ወጣቶች አይፖድን በእጃቸው ያልነኩ ይበዛሉ፤ «ፖድ» በእነርሱ አፍ ፍቺው የጠፋበት ምዕላድ ሆኗል።

ወደ አማርኛው እንመለስ። «ሸክላ»፣ «ካሴት»፣ «ሲዲ» የምንላቸው ሁሉ ዘፈኑ የሚያድርበትን ነገር የሚጠሩ ስለሆኑ ነገሩ ሲቀር አብረው ከአገልግሎት ወጥተዋል። «መቅረጸ ድምፅ» ያማረ ጥምር ቃል ቢሆንም መቅረጽ ለማይችል መሣሪያ አይስማማም። ሕዝቡ ግን የማንንም ውሳኔ ሳይጠብቅ «የሸክላ ማጫወቻ»፣ «የካሴት ማጫወቻ»፣ «የሲዲ ማጫወቻ» ሲል ቆይቷል። ቅጽሉ ይለዋወጣል እንጂ «ማጫወቻ» አልተነቃነቀም።

ቃሉ «አጫወተ» ከሚለው ግሥ በመሣሪያ ስም ሥርዓት የወጣ ነው። «አጫወተ» ደግሞ ማሰማት ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌውን «እስቲ ያጫውቱን» ስንል ወግና አብሮነት እንሻለን። የሶኒው ሊቀ መንበር አኪዮ ሞሪታ አንድ ሰው ለብቻው ሙዚቃ ሲሰማ እንደ ነውር እንዳይታይበት ሠግተው ስለነበር፣ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያዎች፣ እንዲሁም ሁለቱ አድማጮች የሚነጋገሩበት ቁልፍ ነበረው። በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ይህን ጣሉት፤ የአማርኛው ስም ግን አሁንም የጨዋታን ትዝታ እንደያዘ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ለመሣሪያው «ዲጂታል የኪስ ማጫወቻ» የሚለው በቂ ስለሆነ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ «ፖድካስት» በመዝገብ ሲሰፍር ሥርወ ቃሉ አብሮ ይስፈር፤ ስሙን ያወረሰው መሣሪያ ገና ከሚያስታውሱት ሰዎች ጋር ሳለ ካልተጻፈ፣ ነገ የሚመጣው አዘጋጅ «ፖድ» ምን እንደነበረ በግምት ለመፍታት ይገደዳል።