እህል የበላ ከብት ለምን ይወድቃል? ላክቲክ አሲዶሲስና መከላከያው

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የአጨዳና የውቂያ ወራት እህል በየአውድማው ተከምሮ ይሰነብታል። በዚህ ወቅት ከበረቱ አምልጦ ሌሊቱን ስንዴ ወይም በቆሎ ሲበላ ያደረ በሬ፣ ሲነጋ ጠግቦ የተኛ ይመስላል። በማግስቱ ግን መነሣት ያቅተዋል፤ ብዙ ጊዜም መርዝ እንደበላ ይታሰባል። ለውድቀቱ ምክንያት የሚሆነው ግን እህሉ በሆዱ ውስጥ ተብላልቶ የፈጠረው ላክቲክ አሲድ ነው። ይህ የጤና እክል የከርስ ላክቲክ አሲዶሲስ ይባላል።

በጨጓራ ውስጥ የሚሆነው

ላም፣ በሬ፣ በግና ፍየልን የመሳሰሉ የሚያመሰኩ እንስሳት፣ ሩመን በተባለው ትልቁ ጨጓራቸው ውስጥ እጅግ ብዙ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ። እነዚህ ተሕዋስያን ሣርንና ጭድን ቀስ በቀስ በማብላላት እንስሳው ጉልበት የሚያገኝባቸውን ንጥረ ነገሮች ያመነጫሉ። ሣር የሚመገብ ከብት የጨጓራው ፒ ኤች በአብዛኛው ከ6 እስከ 7 ነው። ሲያመሰኳ የሚያመነጨው ብዙ ምራቅም አሲዱን ያለዝባል።

እህል ግን በስታርች የበለጸገ በመሆኑ በፍጥነት ይብላላል። ከብቱ ሳይለምድ ብዙ እህል በአንድ ጊዜ ሲበላ፣ ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይበዛሉ። ፒ ኤቹ ከ5 በታች ሲወርድ ሣር የሚያብላሉት ጠቃሚ ተሕዋስያን ይሞታሉ፤ አሲድ አምራቾቹ ግን መራባታቸውን ይቀጥላሉ። የጨጓራው ፈሳሽ እየወፈረ ስለሚሄድ ከደም ውስጥ ውኃ ይስባል። በዚህም የተነሣ ሆዱ በፈሳሽ ሲሞላ የተቀረው አካሉ ይደርቃል። አሲዱ ወደ ደም ሲገባ ደግሞ የመላ ሰውነትን የአሲድ ሚዛን ያዛባል።

ሁሉም እህል እኩል አደገኛ አይደለም። ስንዴና ገብስ ከበቆሎና ከማሽላ ይልቅ ፈጥነው ይብላላሉ። የደቀቀ ዱቄት ከድፍን እህል የባሰ ነው። በከተማ አካባቢም ሊጥና የዳቦ ትራፊ በብዛት የተሰጣቸው ከብቶች ለተመሳሳይ አደጋ ይጋለጣሉ።

ምልክቶቹ

ምልክቶቹ በአብዛኛው ከ12 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያሉ። እንስሳው መብላትና ማመስኳት ያቆማል፤ ግራ ጎኑ ይሞላል፤ ሲራመድ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ጎምዛዛ ሽታ ያለው ቀጭን ተቅማጥ ይታይበታል፤ ዓይኑ ይጎደጉዳል፤ ጥርሱን ሊያፋጭም ይችላል። ሕመሙ ሲበረታ ይተኛና አንገቱን ወደ ጎኑ አጥፎ ይቀራል። ካልታከመ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ሊሞት ይችላል።

ከዚህ የቀለለው ዓይነት በዝግታ የሚሄድ ሲሆን፣ በድለባና በወተት ከብቶች ላይ ይከሰታል። የምግብ ፍላጎት አንድ ቀን ከፍ ሌላ ቀን ዝቅ ይላል፤ የወተቱ ስብ ይቀንሳል፤ እበቱ ይቀጥናል። ውሎ አድሮ የሰኮና ሕመምና በጉበት ላይ መግል የቋጠረ እብጠት ያስከትላል።

አስቸኳይ እርምጃ

ከብቱ ብዙ እህል መብላቱ እንደታወቀ፣ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ ወደ አቅራቢያው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መሄድ ያስፈልጋል። እስከዚያው ድረስ እህሉን ከፊቱ ማንሣት፣ ድርቆሽ ወይም ጭድ መስጠትና መቆም የሚችል ከሆነ በየጊዜው ማራመድ ይገባል። ወዲያው እንደልቡ ውኃ ማጠጣት ችግሩን ሊያባብስ ስለሚችል፣ የውኃው መጠን በባለሙያ ምክር ይወሰናል። ለደከመ ከብት በአፍ የሚጋት ነገር ወደ ሳንባው ሊገባና ሊገድለው ይችላል። ባለሙያው እንደ ሕመሙ ደረጃ አሲድ የሚያረክስ መድኃኒት፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ወይም ጨጓራን ከፍቶ እህሉን የማውጣት ቀዶ ሕክምና ሊጠቀም ይችላል።

አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። በድንገት የሞተና ሆዱ የተነፋ ከብት እህል በልቶ ነው ተብሎ መገፈፍና መበላት የለበትም። አባ ሰንጋም በድንገት ይገድላል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል። መንሥኤው በባለሙያ እስኪረጋገጥ በድኑን ከመክፈት መቆጠብ ያስፈልጋል።

መከላከል

ለገና ወይም ለፋሲካ ገበያ የሚደልቡ ከብቶች እህልን በ2 እና በ3 ሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየጨመሩ መልመድ አለባቸው። ጠዋት አስቀድሞ ጭድ ወይም ድርቆሽ፣ ቀጥሎም እህል መስጠት፣ የቀኑን ድርሻም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፋፍሎ ማቅረብ ይመከራል። እህል ምንም ያህል ቢበዛ ሣርና ጭድ ፈጽሞ መቋረጥ የለበትም። ብዙ ከብቶች በአንድ ገንዳ ሲበሉ ኃይለኛው የደካማውን ድርሻ ስለሚበላ፣ ለይቶ መመገቡ ይጠቅማል። አውድማንና ጎተራን ማጠር ደግሞ ከሁሉ የቀለለው መከላከያ ነው።

ከወለዱ በኋላ በሚታመሙ የወተት ላሞች ላይ ተመሳሳይ የሚመስሉ፣ ነገር ግን የተለየ ሕክምና የሚሹ እክሎች አሉ። የካልሲየም እጥረት ላሟን በወሊድ ሰሞን መሬት ላይ ይጥላታል። ኬቶሲስ ደግሞ ወተቷ በሚበዛበት ጊዜ የሚያስፈልጋትን ጉልበት ከምግቧ ሳታገኝ ስትቀር ይመጣል። ስለዚህ ለምርመራው የከብቷ የአመጋገብና የወሊድ ታሪክ ወሳኝ ነው።

በሰው ላይም

ላክቲክ አሲዶሲስ በሰው ላይም ይከሰታል፤ መነሻው ግን እህል መብላት አይደለም። ጡንቻ ሲሠራ የሚፈጠረውን ላክቲክ አሲድ ጤናማ ጉበት በአብዛኛው መልሶ ይጠቀምበታል። ከባድ የደም መፍሰስ፣ በደም የተሰራጨ ኢንፌክሽን ወይም የልብ ድካም ሰውነትን ኦክስጅን ሲያሳጣው ግን አሲዱ ይከማቻል። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት በሚወስዱና ኩላሊታቸው በከፍተኛ ደረጃ በተጎዳ ሰዎች ላይም አልፎ አልፎ ይታያል። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም፤ የኩላሊትን ጤና በየጊዜው ማስመርመር ግን ያስፈልጋል። ፈጣን አተነፋፈስ፣ ብርቱ ድካምና ግራ መጋባት የታየበት ሰው በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።