ልዩነት እና ልዩ ልዩ

ሁለቱም «ለየ» ከሚለው ግስ ይወለዳሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። «ልዩነት» ነገሮች የማይገጥሙበትን ቦታ ያሳያል፤ «ልዩ ልዩ» ብዙ ዓይነት መኖሩን ይናገራል። ነጠላው «ልዩ» ደግሞ ከሌላው ብልጫ ላለው ነገር ይነገራል።

እንግሊዝኛ በዚሁ መስክ ከላቲን የወረሳቸው ሦስት ቃላት አሉት። «ዲፈረንስ» ሥሩ «ለየብቻ መሸከም» ነው፤ «ዳይቨርሲቲ» ደግሞ «ወደየአቅጣጫው መዞር»። «ቫራይቲ» የተገኘበት ቃል «ዝንጉርጉር» ማለት ነበር።

ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ አምባሰል ውስጥ ያለችው ውጫሌ ትመሰክራለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ የተዋዋሉት ውል በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጻፈ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣሊያንኛው «ኮንሴንቴ» ብሎ እንደ ተስማሙበት ግዴታ አቀረበው። ሮም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለአውሮፓ አስታወቀች። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱ፤ ከዓድዋ ድል በኋላም በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ውል የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት አጸና።

እንግዲህ ስንጽፍ እንምረጥ፦ ገበያ ላይ ያለው ልዩ ልዩ እህል ነው። በሁለት ሰነዶች መካከል ያለው አለመግጠም ግን ልዩነት ነው፤ ፊርማ ሳያርፍበት በፊት ሊመረመር ይገባዋል።